ለአንድ ዓመት ከልጆች ጋር ወደ ቦልደር፣ ኮሎራዶ፦ ምን ይያዝ? ምን ይተው?

የአራትኪሎዋ፦

ጤና ይስጥልኝ። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ለአንድ ዓመት የምርምር ቆይታ ወደ ቦልደር፣ ኮሎራዶ እንሄዳለን። እኔ በጄ-1 (የልውውጥ ተመራማሪ)፣ ባለቤቴና ሁለቱ ልጆቻችን (የ8 ዓመት ወንድና የ4 ዓመት ሴት) በጄ-2 (የቤተሰብ) ቪዛ ነን። የአዲስ አበባ ሰዎች ስለሆንን ብርድ እናውቃለን፤ በረዶ ላይ ግን ኖረን አናውቅም። ጥቅል ምክር ብዙ ሰምተናል፤ የምፈልገው ዝርዝሩን ነው። ልጆቹን ትምህርት ቤት ለማስገባት ከዚህ ምን ወረቀት ይወጣል? ቤት ከዚህ ሆኖ መከራየት ይቻላል? ምጣዳችንን እንያዝ ወይስ እንተወው? ከተማው ተራራ ሥር ነው ይላሉ፤ ከፍታው ልጆቹን ያስቸግር ይሆን? ባለቤቴ መሥራት ይችላል የሚሉም አይችልም የሚሉም አሉ። የምታውቁ እባካችሁ።

መዝገብ ቤት፦

እህቴ፣ ሻንጣ ከመግዛትሽ በፊት የልጆቹን የክትባት ካርድ አውጥተሽ ቀኖቹን እዪ። ጤና ጣቢያ የተሞላ ካርድ አብዛኛውን ጊዜ በእኛ አቆጣጠር ነው። ነሐሴ 25 ቀን 2009 የተወለደ ልጅ ፓስፖርቱ ላይ ኦገስት 31፣ 2017 ተብሎ ይጻፋል። ካርዱ ላይ ደግሞ ሁለተኛው ዙር ፔንታ (አምስቱን በሽታ በአንድ የሚከላከለው ክትባት) «5/3/2010» ይላል፤ ኅዳር 5 ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ ወሩ ስለሚቀድም የትምህርት ቤቷ ነርስ ይህን ሜይ 3፣ 2010 ብላ ታነበዋለች። ልጁ ሊወለድ ሰባት ዓመት ሲቀረው ተከተበ ማለት ነው። እንዲህ የሚነበብ ካርድ አይመዘገብም፤ ልጁ ያልተከተበ ተብሎ ሁሉም ከመጀመሪያው ሊጀመርለት ይችላል። ስለዚህ ከተከተቡበት ጤና ተቋም ወይም ከልጆች ሐኪም በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር የተቀየረ፣ ማኅተምና ፊርማ ያለው ማስረጃ አስወጪ። ወሩ በቁጥር ሳይሆን በስሙ ይጻፍ፦ «ኖቬምበር 14፣ 2017» ተብሎ። የልደት ቀኑም ከፓስፖርቱ ጋር በቀን ሳይዛነፍ ይግጠም።

ቀኑ ተስተካክሎም ቢሆን የሚጎድል ክትባት ይኖራል። የሁለቱ አገር መርሐ ግብር ስለማይገጥም እንጂ ያጠፋ ሰው ስላለ አይደለም። ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፦

የኩፍኝ ክትባት። እኛ ጋ የመጀመሪያው የሚሰጠው በ9 ወር ነው፤ እዚያ ደግሞ ከአንደኛ ዓመት ልደት በፊት የተሰጠ አይቆጠርም። በ15 ወር የተሰጠው ለኩፍኝ ይቆጠራል፣ ግን የኩፍኝ ብቻ ከሆነ ጆሮ ደግፍና ሩቤላ የለበትም። ትምህርት ቤቱ የሚጠይቀው ሦስቱን በአንድ የያዘውን፣ ሁለት ጊዜ ነው።

ጉድፍ። በእኛ መደበኛ ክትባት ውስጥ የለም፤ እዚያ ሁለት ጊዜ ይጠየቃል። ይህና ከላይ ያለው ወይ በአንድ ቀን ይሰጣሉ፣ ወይ በመካከላቸው ቢያንስ 28 ቀን መኖር አለበት። አንዱን ዛሬ፣ ሌላውን በሳምንቱ ያስከተበ ሰው ሁለተኛውን መድገም ግድ ይሆንበታል።

ፖሊዮ። ከኤፕሪል 2016 ወዲህ በአፍ የሚሰጠው ጠብታ ሁለት ዓይነት ቫይረስ ብቻ ስለያዘ አሜሪካ አይቆጥረውም። የሚቆጠረው በመርፌ የተሰጠው ነው። ካርዱ ላይ ጠብታውና መርፌው ተለይተው መጻፋቸውን አረጋግጪ።

ፔንታ። ሦስቱ ዙሮች ይቆጠራሉ፤ ግን ከ4ኛ ዓመት ልደት በኋላ አንድ ተጨማሪ የዲፍቴሪያ፣ የመንጋጋ ቆልፍና የትክትክ ክትባት ይፈለጋል። ለትልቁ ልጅ፣ 7 ዓመት ስላለፈው፣ ዓይነቱ የተለየ ነው።

ሁሉም ከመሄዳችሁ በፊት ካልተሟላ አትጨነቂ። ጎደለ ተብሎ ከተነገረሽ በኋላ በ14 ቀን ውስጥ ቀጣዩን ክትባት ማስከተብና የቀሪዎቹን ቀን በጽሑፍ ማቅረብ በቂ ነው፤ ልጁ ይማራል። የጄ ቪዛ ኢንሹራንስ ብዙውን ጊዜ ክትባት አይሸፍንም። ኢንሹራንስ ለሌላቸው ወይም ኢንሹራንሳቸው ክትባት ለማይሸፍን ልጆች የሚውል የፌዴራል የሕፃናት ክትባት ፕሮግራም ስላለ፣ ካውንቲው ጤና ቢሮ ደውለሽ በዚያ ቀጠሮ ያዢ። የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ከጠየቋችሁ ደግሞ የደሙን ምርመራ ምረጪ። ልጆቻችን ሲወለዱ የነቀርሳውን ክትባት ቢሲጂን ስለሚከተቡ የቆዳው ምርመራ ያለ በሽታ ሊያብጥ ይችላል።

ለምዝገባ ሌላ የሚያስፈልገው የልደት የምስክር ወረቀት፣ የወላጅ መታወቂያ፣ የትልቁ ልጅ የትምህርት ውጤት በእንግሊዝኛ፣ እና የመኖሪያ አድራሻ ማስረጃ (የኪራይ ውል) ነው። አራታችሁም ፓስፖርት ላይ የመጨረሻው ስም አንድ ስለማይሆን የጋብቻና የልደት ማስረጃ በእጅ ሻንጣ ይያዝ፤ በየቢሮው «ይህ ልጅ የማን ነው?» መባሉ አይቀርም። ትምህርት የሚጀመረው በኦገስት አጋማሽ ስለሆነ ጊዜ የላችሁም። የመንግሥት ትምህርት ቤት ክፍያ የለውም፤ ኪንደርጋርተን የሚገባው እስከ ኦክቶበር 1 አምስት ዓመት የሞላው ነው። ትንሿ ካልደረሰች ኮሎራዶ ከኪንደርጋርተን በፊት ላለው ዓመት በሳምንት 15 ሰዓት ነጻ ቅድመ ትምህርት አላት፤ ማመልከቻው ኢንተርኔት ላይ ስለሆነ ቀድመሽ ሙዪ።

ባለቤትሽ መሥራት ይችላል፣ እንደደረሰ ግን አይደለም። አይ-765 የሚባለውን ፎርም ሞልቶ ወርክ ፐርሚት ማግኘት አለበት፤ ማመልከት የሚቻለውም አሜሪካ ከገባችሁ በኋላ ነው። ገቢው አንቺን ለማስተዳደር እንደማይፈለግ የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ያያይዝ። መልሱ ወራት ስለሚፈጅ ለአንድ ዓመት ቆይታ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ያላስገባ ሰው ዓመቱ ሲያልቅ ነው የሚደርሰው። አንቺ ደግሞ እንደደረስሽ ዩኒቨርሲቲው የዓለም አቀፍ ተመራማሪዎች ቢሮ ቀርበሽ ተመዝገቢ፤ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የምትጠይቂው ከገባሽ ቢያንስ 10 ቀን ቆይተሽ ነው። ቀድመሽ ከሄድሽ የመግቢያ መዝገብሽ ሲስተሙ ውስጥ ስለማይታይ ትመለሻለሽ።

ኢንሹራንሱን ስትገዢ በጄ ቪዛ ሕግ የተቀመጠውን ዝቅተኛ መጠን አመሳክሪ፦ ለአንድ ሕመም ወይም አደጋ 100,000 ዶላር፣ ለሕክምና ወደ አገር ለመመለስ 50,000፣ ለአስከሬን መመለሻ 25,000፣ ከኪስ የሚከፈለው መነሻ ከ500 ያልበለጠ። ለአራታችሁም።

ቁልፍ ያዥ፦

ቤቱን በተመለከተ እኔ ልመልስልዎ። ቦልደር የተማሪ ከተማ ስለሆነ የኪራይ ውል በአብዛኛው ከኦገስት እስከ ኦገስት ነው። ለእርስዎ ይህ ጥሩም መጥፎም ነው፦ ቤት የሚለቀቀው እርስዎ በሚደርሱበት ሳምንት ነው፤ ጥሩ ጥሩው ግን ከወራት በፊት ተይዟል። መጀመሪያ የዩኒቨርሲቲውን የቤተሰብ መኖሪያ ይጠይቁ፣ ተራም ይያዙ። ዓመቱን በሙሉ ለምርምር ወደ ሌላ አገር የሚሄዱ መምህራን ቤታቸውን ከነዕቃው ያከራያሉ፤ የሚጋብዝዎት ክፍል ጸሐፊ ማስታወቂያውን ለሠራተኛው ብትልክልዎ ከማንኛውም ድረ ገጽ ይሻላል። አልጋና ድስት ሳይገዙ ዓመቱ ያልፋል።

ያላዩትን ቤት ገንዘብ አይላኩበት። በከተማው የሚከራይ ቤት ሁሉ ከማዘጋጃ ቤቱ የኪራይ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። የፈቃዱን ቁጥር ይጠይቁና ማዘጋጃ ቤቱ ጋ ያረጋግጡ፤ እውነተኛ አከራይ ይህ ሲጠየቅ አይቆጣም። «ውጭ አገር ነኝ፣ ቁልፉን በፖስታ እልካለሁ» የሚል ሰው ሲመጣ ግን ንግግሩን እዚያው ያቁሙ።

የአሜሪካ የብድር ታሪክ ስለሌለዎት አከራዩ ያመነታል። የቅጥር ወይም የስፖንሰር ደብዳቤውን፣ ዲኤስ-2019ን (ለጄ ቪዛ ስፖንሰሩ የሚሰጠውን ወረቀት) እና የባንክ መግለጫውን በአንድ ፋይል አድርገው ከማመልከቻው ጋር ይላኩ። በኮሎራዶ ሕግ አከራይ ከኪራዩ ከሁለት እጥፍ በላይ ገቢ መጠየቅ አይችልም፤ ማስያዣውም ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። የዓመቱን ኪራይ በአንድ ጊዜ ልክፈል ብለው አያቅርቡ፤ ቤቱ ችግር ቢኖረው የሚይዙት ነገር አይኖርም።

ቦልደር ውስጥ ዋጋው ካልተቻለ በአቅራቢያው ያሉት ከተሞች ላፋየት፣ ሉዊቪልና ሎንግሞንት አሉ። ከሎንግሞንት ቦልት የሚባለው አውቶቡስ ቀጥታ ይመጣል። የተከራይ ኢንሹራንስ ግን አይለፉ። በዲሴምበር 30፣ 2021 በነፋስ የተገፋ የሣር እሳት ሉዊቪልና ሱፒሪየር ላይ ከ1,000 በላይ ቤቶችን በአንድ ቀን አቃጥሏል። ስልክዎን የካውንቲው የአደጋ ማስጠንቀቂያ ላይ ቤት በገቡ ቀን ያስመዝግቡ፤ ፓስፖርትና ዋና ዋና ወረቀቶችም በአንድ ቦርሳ ይቀመጡ።

መዝገብ ቤት፦

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው «ሁለት ሳምንት በጊዜያዊ ማረፊያ እያደርን ቤት እንፈልጋለን» ይላል። ለቤት ፍለጋው መልካም ነው፤ ለትምህርት ቤቱ ግን ሆቴልና የአጭር ጊዜ ኪራይ እንደ አድራሻ ማስረጃ አይያዝላችሁም። ልጁ የሚመደበውም በቤቱ ሰፈር ነው። ውሉ በኦገስት 15 የሚጀምር ቢሆንም የተፈረመ ወረቀት ካለ ምዝገባው ይጀመራል።

እርሾ፦

ምጣዱን ተይው የኔ እህት። ምክንያቱ ክብደቱ ብቻ አይደለም። የእኛ ምጣድ ለ220 ቮልት የተሠራ ነው፤ የእነሱ ሶኬት 120 ነው። ቮልቴጁ በግማሽ ገደማ ሲቀንስ ኃይሉ በግማሽ አይቀንስም፤ ወደ ሠላሳ በመቶ ይወርዳል። 3,500 ዋት የነበረው ምጣድ 1,000 ዋት ይሆናል። አይቃጠልም፣ አይግልምም፤ ሊጡ ዓይን ሳያወጣ ይደርቃል። ትራንስፎርመር እገዛለሁ ካልሽ ለዚህ የሚሆነው እንደ ድንጋይ የከበደ ነው፤ የግድግዳው ሶኬትም ያን ያህል ጭነት አይችልም። የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር «100–240» ካለው ግን ይሠራል፤ ሶኬት መቀየሪያ ብቻ ነው የሚፈልገው።

እዚያ አበሻው የሚጋግርበት የኖርዌይ ሰዎች ለቂጣቸው የሚጠቀሙበት ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው፤ ቤታኒ ይሉታል። ስፋቱ 16 ኢንች (41 ሳንቲ ሜትር) ስለሆነ እንጀራው ከለመድሽው ያንሳል። ሙቀቱ እስከ 500 ፋራናይት (260 ሴልሺየስ) ይደርሳል። እስከ መጨረሻው አድርጊው፤ የምጣዱ አመልካች መብራት ከጠፋም በኋላ ጥቂት ደቂቃ ታግሠሽ ነው የመጀመሪያው የሚፈሰው። የወጥ ቤት አንድ መስመር በአብዛኛው 20 አምፒር ነው፣ ማለትም 2,400 ዋት። ምጣዱና የውሃ ማፍያው በአንድ መስመር ከተሰኩ ቆጣሪው ይወርዳል፤ ስትጋግሪ ሌላውን ንቀዪ።

ስለ ሊጡ፦ ቦልደር ላይ ችግሩ ከብርዱ ይልቅ ድርቀቱ ነው። ማሞቂያው ሌሊቱን ሙሉ ደረቅ አየር ሲነፋ ያደረ ሊጥ ላዩ ቆዳ ይይዛል፤ ቆዳው ሲቦካ ተበጣጥሶ ይገባና እንጀራው ላይ እብጠት ይሠራል። ስታቦኪ ላዩ ላይ ሁለት ጣት ውሃ አኑሪበትና ክዳን ግጠሚ፤ ውሃው ኋላ እርሾ ሆኖ ይቀዳል። ሌሊት ቤቱ ሲቀዘቅዝ ዕቃውን ኦቨን ውስጥ አስገቢና የኦቨኑን አምፖል ብቻ አብሪ፤ ኦቨኑ ራሱ እንዳይለኮስ በሩ ላይ ወረቀት ለጥፊ። የጤፍ ዱቄት አይዳሆ ውስጥ የሚመረተው በየቦታው ይገኛል፤ ነጭም ቀይም አለ። የአገር ቤቱን ያህል ውሃ ስለማይጠጣ መጀመሪያ ወፈር አድርገሽ አቡኪና አብሲቱ ላይ አቅጥኚው። አብሲቱን ከሊጡ አንድ አሥረኛ ያህል ወስደሽ አፍልተሽ፣ ለብ ሲል መልሺው። ትኩሱን ከደፋሽው እርሾው ይሞታል። የተጋገረውም እንጀራ ሜዳ ላይ አይቆይ፤ ጠርዙ በሩብ ሰዓት ይሰነጠቃል። ሙቀቱ እንደወጣለት በላስቲክ ሸፍኚው።

በርበሬ፣ ሽሮ፣ ኮረሪማ፣ ኮሰረትና በሶብላ ከአገር ይዛችሁ ሂዱ፤ መግቢያው ላይ «ምግብ ይዣለሁ» ብላችሁ ተናገሩ። ያልተናገረ ነው የሚቀጣው። ቋንጣ ግን አይገባም፤ ይወስዱታል። ቅቤውን እዚያ አንጥሪው፤ ጨው የሌለበት አራት ፓውንድ (1.8 ኪሎ) ቅቤ 1.4 ኪሎ ያህል ንጥር ይወጣዋል። የቀረውን ዴንቨር አጠገብ ካለችው ከአውሮራ ከተማ የአበሻ ሱቆች በወር አንድ ጊዜ መሸመት ነው። ኤፍኤፍ1 አውቶቡስ ከቦልደር ዴንቨር ዩኒየን ስቴሽን ያደርሳል፤ ከዚያ ወደ አውሮራ ሌላ ይያዛል።

የአራትኪሎዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ክትባቱን ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር። ካርዳቸው እንደተባለው በእኛ አቆጣጠር ነው። እርሾ፣ ቡናስ? ጢስ ጠቋሚው ይጮኻል ሲሉ እሰማለሁ።

እርሾ፦

ይጮኻል፣ በእርግጥም። ከምድጃው በላይ ያለው የጢስ መሳቢያ ኮፈን ጢሱን ወደ ውጭ ያወጣል ብለሽ አትመኚ፤ ብዙ የኪራይ ቤት ውስጥ በማጣሪያ አሳልፎ መልሶ ቤቱ ውስጥ ነው የሚነፋው። ከኮፈኑ በላይ ያለውን ቁም ሣጥን ክፈቺ፤ ወደ ላይ የሚወጣ ቱቦ ከሌለ ያው እሱ ነው። እንዲህ ከሆነ ቡናውን ደጅ ላይ በኤሌክትሪክ ምድጃ ቁዪው። ጠቋሚውን ነቅሎ ባትሪ ማውጣት ውል ማፍረስ ነው፤ ከዚያም በላይ ሕይወት የሚጠብቀው እሱ ነው። ከሰል ግን ቤት ውስጥ ፈጽሞ አይለኮስ፣ ለዕጣንም ቢሆን ለጀበናም። የእነሱ ቤት ለብርዱ ተብሎ አየር እንዳያስገባ የታሸገ ነው። የከሰሉ ጋዝ ሽታ የለውም፤ ተኝተው የነበሩ ሕፃናትን ነው ቀድሞ የሚይዘው። ለዕጣን በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ማጨሻ አለ፤ መስኮት ከፍተሽ።

ከሎንግሞንት፦

ስለ ከፍታው ማንም አልመለሰም። ቦልደር 1,655 ሜትር ነው፤ አዲስ አበባ 2,355። እናንተ ወደ ታች ነው የምትወርዱት። ከድሬዳዋ ወይም ከአዋሽ የሚመጣ ሰው ነው የሚያስበው። ውሃ እንኳ ቦልደር ላይ በ95 ዲግሪ ገደማ ሲፈላ አዲስ አበባ በ92 ነው፤ ሽምብራችሁ እዚያ ፈጥኖ ይበስላል። የሚከብደው በሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ በሚያልፈው በትሬይል ሪጅ መንገድ 3,700 ሜትር ላይ ስትወጡ ነው፣ ያውም የእንጦጦን ጫፍ ለለመደ ብዙ አይደለም። መንገዱ ከኦክቶበር አጋማሽ እስከ ሜይ መጨረሻ በበረዶ ይዘጋል፤ ማየት ከፈለጋችሁ እንደደረሳችሁ ሂዱ።

ልጆቹን የሚያስቸግራቸው ነስር ነው። ማሞቂያ ሲበራ አየሩ ይደርቃል። መኝታ ቤታቸው ውስጥ ውሃ የሚተን ማሽን አድርጉ፣ አፍንጫቸውን ማታ ማታ ቫዝሊን ቀቧቸው። ማሞቂያውን 68 ፋራናይት (20 ሴልሺየስ) ላይ ተዉት፤ ለሽርሽር ስትወጡም ከ55 (13 ሴልሺየስ) በታች አታውርዱት፣ ቧንቧው ቀዝቅዞ ይፈነዳል።

ልብስ ከአዲስ አበባ አትግዙ። እዚያ የሰው እጅ ያየ ልብስ የሚሸጥባቸው ሱቆች በሴፕቴምበር ሙሉ ናቸው፤ በኖቬምበር የልጅ ቁጥር አይገኝም። ለአንድ ልጅ፦ ውሃ የማያስገባ የበረዶ ሱሪ፣ ውሃ የማያስገባ ጃኬት፣ በግማሽ ቁጥር ሰፋ ያለ ቦቲ፣ ሁለት ጥንድ ጓንት (አንዱ ሁልጊዜ ርጥብ ነው፤ ለትንሿ አራቱን ጣት በአንድ ላይ የሚሸፍነው ይሻላል)፣ ሁለት ከውስጥ የሚለበስ የሱፍ ወይም የፖሊስተር። ከሥጋ ጋር የሚገናኘው ጥጥ አይሁን፤ ጥጥ ላብ ይዞ ይቀዘቅዛል። ትምህርት ቤቶች በረዶም ሲጥል ልጆቹን ለዕረፍት ደጅ ያወጣሉ፤ የበረዶ ሱሪ ያላመጣ ልጅ ዳር ቆሞ ነው የሚያይ። መኪና ውስጥ ደግሞ ወፍራም ጃኬት አልብሳችሁ የልጅ ወንበር ቀበቶ አትሰሩ፤ ቢጋጭ ጃኬቱ ይጨመቅና ቀበቶው ላልቶ ይገኛል። ጃኬቱን አውልቃችሁ ከላይ አልብሷቸው።

በረዶው በዓመት በድምሩ ከ2 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ፀሐይ ስላለ ግን በሁለት በሦስት ቀን ይቀልጣል። አደጋው ያ መቅለጥ ነው፦ ቀን የቀለጠው ማታ መስታወት መስሎ ይረጋል፣ ጠዋት አይታይም። ከቤታችሁ ፊት ያለው የእግረኛ መንገድ በረዶው ካቆመ በ24 ሰዓት ውስጥ መጠረግ አለበት፤ ጠራጊው አከራዩ ይሁን እናንተ ውሉ ላይ አስጽፉ። ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ከተራራው ሲወርድ በአንድ ጠዋት በረዶውን ጠራርጎ ይወስደዋል፤ ያን ቀን በረንዳ ላይ ምንም አይቀመጥ።

ለአንድ ዓመት መኪና ሳይገዙ መኖር ይቻላል። ዕድሜያቸው 19 እና ከዚያ በታች የሆኑ በአርቲዲ (የአካባቢው የሕዝብ ትራንስፖርት) አውቶቡስ በነጻ ይሳፈራሉ። ከገዛችሁ የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ በቀጥታ አይቀየርም፤ የጽሑፍም የመንገድም ፈተና አለ። ተራራው ላይ በአይ-70 አውራ ጎዳና ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 ተስማሚ ጎማ ወይም ሰንሰለት ግዴታ ነው።

ማርች ላይ ፀሐይ ወጣ ብላችሁ ቦቲውን አትስጡ፤ ከባዱ በረዶ የሚወርደው ያኔ ነው፣ ሜይ ላይም ይመጣል።